የቤተሰብ የባቡር ጉዞ ወደ ድሬዳዋ፦ ረቂቅ ዕቅድና የማኅበሩ አባላት አስተያየት (አባላቱ በጎንደር ሰፈራቸው ስም ተጠቅሰዋል)

ጸሐፊ፦ እሑድ የተባባልነውን አስፍሬዋለሁ። ሐሙስ ከጎንደር፣ ከአዘዞ፣ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፤ አድረን ዓርብ ጠዋት ከፉሪ ለቡ ጣቢያ በባቡር ድሬዳዋ፤ ቅዳሜ ከዚራና ከፊራ ገበያ፣ ጊዜ ከተረፈ ሐረር ጀጎል፤ እሑድ መልስ። ልጆቻችን ባቡርን ከመጽሐፍ ሥዕል በቀር አያውቁትም፤ ዓላማው ይኸው ነው። ከማኅበሩ ካዝና የምንጠይቀው የባቡሩን ትኬት ግማሽ ብቻ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ግማሹን ካዝናው ይችላል። አውሮፕላኑንስ ማን ይችላል? አምስት ልጅ ያለው ሰባት ትኬት ሊቆርጥ ነው። የደባርቁን ጉዞ የአውቶቡስ ኪራይ እስከ ዛሬ ያልከፈሉም አሉ፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

የሸዋ በሩ፦ አውቃለሁ። ዳባት ላይ ተበላሽቶ ፀሐይ ላይ ላስቀመጠኝ አውቶቡስ አልከፍልም ብያለሁ፤ ዛሬም አልከፍልም።

የብልኮው፦ ባቡር የሚነሣው ከለገሐር ነው። በደርግ ጊዜ ወደ ምሥራቅ የዘመትሁት በዚያው ነው። ፉሪ የምትሉትን አላውቅም።

የማራኪው፦ ጋሼ፣ እርስዎ የሄዱበት የፈረንሳዮቹ ሐዲድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ አዲስ አበባ የገባው በ1917። ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ስለከበደው ነው ድሬዳዋ ከሥር የተቆረቆረችው። የአሁኑ ቻይናዎች የሠሩት የኤሌክትሪክ ባቡር ነው፤ መንገደኛ መጫን የጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. ነው። ጣቢያዎቹ ከከተማ የራቁ ናቸው፤ ድሬዳዋም ከባቡር ወርደን መኪና መያዛችን አይቀርም። በየትኞቹ ቀናት እንደሚነሣ ደውዬ እስከ ማክሰኞ አሳውቃለሁ።

የአዘዞዋ፦ ጀበናውንና ከሰሉን ማን ይይዛል? እኔ ረከቦቱንና ስኒውን እችላለሁ።

ጸሐፊ፦ ባቡር ውስጥ እሳት አይነደድም።

የአዘዞዋ፦ ማን አለ?

ጸሐፊ፦ ከሰል ተሸክመሽ ፍተሻውን አታልፊም፣ እኅቴ።

የቀሃዋ፦ መንገዱ ስንት ሰዓት ነው? ስድስት ሰባት ሰዓት ያለ ቡና? እኔ ራሴን ይፈልጠኛል። ዕቅዱን ወንድ እንዳወጣው ያስታውቃል።

የሸዋ በሩ፦ በፔርሙዝ ይያዛል።

የአዘዞዋ፦ አቦሉ የት፣ ቶናው የት፣ በረካው የት?

የሸዋ በሩ፦ በሦስት ፔርሙዝ።

የቀሃዋ፦ ቀልደህ ሞተሃል! ደባርቅ ላይ ብርዱ ሲገባህ በረካ ካለቀ በኋላ እንደገና ይፍላ ያልኸው አንተ አልነበርህም? ያውም ኪራዩን ሳትከፍል።

ገንዘብ ያዥ፦ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንግዛ ካላችሁ ከካዝናው አንድ ብር አይወጣም።

የአዘዞዋ፦ ምድጃ ማን ጠየቀ?

የብልኮው፦ በእኛ ጊዜ አዋሽ ላይ ምሳ ተበልቶ፣ ቡና ተጠጥቶ ነበር መንገድ የሚቀጠለው። የሚቸኩል አልነበረም።

የአዘዞዋ፦ ጋሼ ይናገሩልን እንጂ! አዋሽ ላይ ወርደን እናፈላለን።

ጸሐፊ፦ የአሁኑ ባቡር እናንተ ስኒ እስክታጥቡ ሚኤሶ ይደርሳል።

የቀሃዋ፦ ለስድብ ከሆነ ከኮሚቴው ወጥቻለሁ። ስንቁንም ሌላ ሰው ያዘጋጅ።

ሰብሳቢ፦ ይህን ሁሉ ያነበብሁት ስለ ጀበና ነው? ቡናው ድሬዳዋ ወርደን ይፈላል፤ አለቀ። ስንቁ ከእኅታችን እጅ አይወጣም። የባቡሩ ቀን ታወቀ? የማራኪው የት ነህ?

ጸሐፊ፦ ስለ ባቡሩ ፍጥነት ነው የተናገርሁት፤ ሌላ ትርጉም የሰጠው ይተወው።

የቀሃዋ፦ ስንቁን እይዛለሁ። ድፎውን ግን ብቻዬን አልጋግርም።

ሰብሳቢ፦ የማራኪው? ዛሬ ሐሙስ ነው።

የሸዋ በሩ፦ እሑድ ባቡር ከሌለ የምንመለሰው ሰኞ ወይም ማክሰኞ ነው፤ ልጆቹ ትምህርት አላቸው። የፋሲልን ግንብ ለማየት ዓለም ወደ እኛ ይመጣል፤ እኛ ሐዲድ ለማየት በረሃ እንወርዳለን። ጉዳዩ ባቡር ማየት ብቻ ከሆነ አዲስ አበባ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው የከተማ ባቡር አለ። እሱ ምን ይጎድለዋል?

ገንዘብ ያዥ፦ ወጪው ይቀንሳል፤ እደግፋለሁ። የአውሮፕላኑ ግን እንዳለ ነው።

የአዘዞዋ፦ አውሮፕላኑ ይቅርና ጎርጎራ እንሂድ። ጠዋት በሚኒባስ ወጥተን ማታ ቤታችን ነን። ጣና ዳር ዛፍ ሥር ከሰል የሚከለክለን የለም፤ ልጆቹም ደብረ ሲና ማርያምን ይሳለማሉ።

ጸሐፊ፦ ጎርጎራ ባቡር የለም።

የአዘዞዋ፦ ጀልባ አለ።

ሰብሳቢ፦ «የባቡር ጉዞ» የሚለው «የቤተሰብ ጉዞ» ተብሎ ይስተካከል፤ ቦታው በሚቀጥለው ስብሰባ ይወሰናል። ከካዝናው የሚጠየቀው ለጊዜው የሚኒባስ ኪራይ ይሁን።

ጸሐፊ፦ ታዲያ ቦታው ተወስኗል ማለት ነው! ልጄ ባቡር ሊያይ ነው ብዬ ነግሬዋለሁ፤ ምን ልበለው?

የብልኮው፦ ጎርጎራ ከሆነ እኔን አትቁጠሩኝ። ድሬን አንድ ጊዜ ላያት ብዬ ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦ ለባቡሩ ብላችሁ ያስገባችሁት ገንዘብ ይመለስ ወይስ ለሚኒባሱ ይዛወር? እስከ ዓርብ መልስ ያልሰጠ እንደ ተስማማ ይቆጠራል።

የቀሃዋ፦ የእኔ ይዛወር። ዓሣ እዚያው ስለምንገዛ ድፎው ይቀነስ። ትልቅ መጥበሻ ያለው ማን ነው?

የሸዋ በሩ፦ መጀመሪያ ቀኑ ይታወቅ። ጾም ከገባ በኋላ ከሆነ እኔና ቤተሰቤ ዓሣ አንበላም።

የአዘዞዋ፦ በጾም ዓሣ አይበላም ያለህ ማን ነው?