ይህችን ውሻ ለማን ልስጣት?

እባካችሁ መላ በሉኝ። ደጃችን ላይ የከረመች ቡናማ ሴት ውሻ አለች። ሰፈሩን ጠይቄያለሁ፤ ባለቤት የላትም። አከራዬ ደግሞ ግቢ እንዳትገባ ብለዋል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቤያታለሁ። እንዳትወልድ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ግን ገና ነው። ጭንቀቴም እሱ ነው። ውሻ ካረገዘች በ63 ቀን ገደማ ትወልዳለች፤ ያኔ ለስንት ቡችላ ቤት ልፈልግ ነው?

ጠባይዋ ረጋ ያለ ነው። (ሞተር ሳይክል ካየች ግን አትቻልም፣ እውነቱን ልናገር።) ቀን ከሌት በሰንሰለት ለሚያስራት ሰው አልሰጥም። «በነፃ ውሰዱ» ብዬ መለጠፉንም ፈራሁ፤ ማን እንደሚመጣ አይታወቅም።

ልውሰዳት የሚለኝን ሰው ምን ምን ልጠይቀው? ቤትህን ልይ ብለው ነውር ይሆን? መጀመሪያ ለሙከራ ጥቂት ሳምንት ብሰጠውስ? ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ።