ከ15 ኪሎ ሜትር በኋላ እግሬ ይከዳኛል፤ ያነሰኝ ኦክስጅን ነው ወይስ ምግብ?

ጠያቂ (ሀዋሳ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለ21 ኪሎ ሜትር እየተዘጋጀሁ ነው፤ ክብደቴ 64 ኪሎ ነው። እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከፍቅር ሐይቅ ተነስቼ አስፋልት ለአስፋልት እሮጣለሁ። የመጀመሪያውን 5 ኪሎ ሜትር በ23 ደቂቃ እገባለሁ። 15ኛው ላይ ግን ትንፋሼ ደህና ሆኖ ሳለ እግሬ ይተሳሰራል፣ ራሴንም ያዞረኛል። ከመነሳቴ በፊት ያለ ስኳር ሻይ ብቻ ነው የምጠጣው፤ ቅዳሜ የታቦርን ተራራ እወጣለሁ። ምን ላስተካክል?

የፊዚዮሎጂ መምህር
ወንድሜ፣ ትንፋሽህ ካልተቆረጠ ያለቀብህ ማገዶው ሳይሆን አይቀርም። ጡንቻ የሚያነደው በዋናነት ሁለት ነገር ነው፦ ግላይኮጅን (የተከማቸ ስኳር) እና ስብ። ግላይኮጅን በጡንቻ ውስጥ ከ300 እስከ 500 ግራም፣ በጉበት ውስጥ ከ80 እስከ 100 ግራም ቢገኝ ነው። ስብ በሩጫ አያልቅም፤ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚነደው፣ ኦክስጅንም ይፈጃል። በ1 ሊትር ኦክስጅን ከካርቦሃይድሬት 5 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሲገኝ ከስብ የሚገኘው 4.7 ነው። ስለዚህ በፈጠንክ ቁጥር ሰውነት ወደ ስኳሩ ያደላል።

ዋናው ጥፋት የመጀመሪያው 5 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከአቅም በላይ ሲፈጠን ከስኳሩ ከፊሉ ያለ ኦክስጅን ይፈርሳል። አንዲት ግሉኮስ (የስኳር ቅንጣት) በኦክስጅን ስትነድ ወደ 30 ኤቲፒ (ጡንቻ በቀጥታ የሚጠቀምበት የኃይል ቅንጣት) ትሰጣለች፤ ያለ ኦክስጅን 2 ብቻ። መጀመሪያ ላይ ያባከንከው ነው 15ኛው ላይ የሚጎድልህ። ሀዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ የኦክስጅን ድርሻ እንደ ባሕር ዳርቻው 21 በመቶ ቢሆንም ግፊቱ ወደ አራት አምስተኛ ስለሚወርድ፣ ከቆላ አገር የተቀዳ የፍጥነት ሰንጠረዥ እዚህ አይሠራም።

አሰልጣኝ
ሂሳቡ እንዲህ ነው። ሩጫ በኪሎ ሜትር፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይፈጃል፤ 64 በ21 ሲባዛ ወደ 1,340 ይመጣል። ሙሉ የግላይኮጅን ጎተራ ይህን ይችላል። ያንተ ግን ቅዳሜ ታቦር ላይ ጎድሏል፤ ሌሊቱን ደግሞ አንጎል ከጉበት እየቀለበ ግማሹን ያህል ይጨርሰዋል። ራስህን የሚያዞርህም ለዚህ ነው።

ታቦርን ወደ ረቡዕ አዙረው። ቅዳሜ 30 ደቂቃ ሶምሶማ ይበቃል፤ እንጀራ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች አብዛ፤ የቀኑ ካርቦሃይድሬት ወደ 450 ግራም ይጠጋ። እሁድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ዳቦ በማርና ሙዝ ብላ። መነሳት ካቃተህ ልትሮጥ 10 ደቂቃ ሲቀርህ ሙዝ ብላ፤ ከ45 ደቂቃ በፊት ከሆነ አንዳንዱን ሰው ስኳሩ ወርዶ ያዞረዋል። የመጀመሪያውን 5 ኪሎ ሜትር በ26 ደቂቃ ግባ፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጥ መናገር ካልቻልክ ፈጥነሃል።

ሌላ አባል
በባዶ ሆድ መሮጥ ስብ ማቃጠልን ያለማምዳል ይባላል እኮ። ለምን ያስተዉታል?

የፊዚዮሎጂ መምህር
ቀለል ላለ ሩጫ፣ እስከ 1 ሰዓት፣ ይሁን። በውድድር ፍጥነት ለሚሮጥ ረጅም ልምምድ ግን ስብ አይደርስለትም።

የስፖርት ምግብ ባለሙያ
መጠጡን ቤት አዘጋጅ፦ 1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ 5 ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ስኳር (60 ግራም ገደማ)፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ከ30ኛው ደቂቃ ጀምረህ በየ15 ደቂቃው 150 ሚሊ ሊትር ያህል ጠጣ፤ በሰዓት 36 ግራም ስኳር ታገኛለህ። ይጣፍጥ ብለህ ስኳሩን እጥፍ ብታደርገው ከጨጓራ ቶሎ አይወርድም፣ ሆድህን ይነፋሃል። ጉሮሮህ እስኪደርቅ አትጠብቅ፤ የውድድሩ ቀን ደግሞ ያልሞከርከውን አትጀምር።

ነርስ
ይህን ሁሉ አስተካክለህ ደረጃ ስትወጣ እንኳ የሚያለከልክህ ከሆነ ሄሞግሎቢንህን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን) አስመርመር። 1 ግራም ሄሞግሎቢን 1.34 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይሸከማል፤ እሱ ሲያንስ ሳንባ ጤነኛ ቢሆንም ጡንቻ ይራባል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲወሰዱ ብረት እንዳይመጠጥ ያግዳሉ፤ ቢያንስ 1 ሰዓት አራርቃቸው። ሳትመረመር የብረት ክኒን እንዳትጀምር።

ጠያቂ (ሀዋሳ)
እግዜር ይስጥልኝ። በሶ ሩጫው መሀል ላይ ብወስድስ?

የስፖርት ምግብ ባለሙያ
መሀል ላይ አይሆንም፤ አሰሩ ብዙ ነው፣ ሆድ ውስጥ ይቆያል። ሩጫው እንዳለቀ ግን በጣም ጥሩ ነው፦ 100 ግራም በሶ ወደ 70 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። በማር በጥብጠህ በመጀመሪያው 1 ሰዓት ውስጥ ጠጣው።