የውዳሴ ማርያም የጋራ ጥናት፦ ለሰበካ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ

ጸሐፊው፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለፈው የጽዋ ዕለት የተነሣውን ሐሳብ ወደ ወረቀት ማውረድ ጀምሬያለሁ። ለሰበካ ጉባኤው ከመግባቱ በፊት እያያችሁ አርሙት፣ ጨምሩበት፣ የማይረባውንም አውጡት።

ሐሳቡ ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ምሽት በአዳራሹ ተሰብስበን ውዳሴ ማርያምን፣ የእመቤታችንን የግዕዝ ምስጋና፣ አብረን እናጥና፣ አብረንም እንጸልይ። መጽሐፉ በሁላችንም ቤት አለ። የጎደለን እሱ አይደለም። ለየብቻ የምናውቀውን አንድ ላይ ስንለው ይፈርስብናል። ማኅበር ስንዘጋ ልብ ብላችሁ ስሙ። የወንዶቹ ረድፍ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ብሎ ጨርሷል፣ የሴቶቹ ገና «ሰአሊ» ላይ ነው። ከኋላ የተቀመጥነው ደግሞ ስናጉተመትም ቆይተን «ቅድስት» ላይ ስንደርስ ድምፃችን ከፍ ይላል። እሷን እናውቃታለና!

ቀኑን ረቡዕ ብዬዋለሁ፣ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል። በድሬዳዋ ፀሐይ ከዚያ በፊት ያን አዳራሽ መድፈር ከባድ ነው። ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓትማ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ በርጫን፣ የጫቱን ሰዓት፣ ተጋፍተን አናሸንፍም። የምንጀምረው ከጥምቀት በኋላ ይሁን። በታኅሣሥ ያላችሁ ነበራችሁ፤ ግን ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው። ያን ሰሞን ግማሻችን መንገድ ላይ ነን፣ የግማሻችን ቤት በእንግዳ ይሞላል። መድረሻችን ፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 16 የውዳሴውና የቅዳሴው ትርጓሜ ሲሰማ ቃሉን ይዘን እንድረስ።

የሳቢያኗ እህት፦
እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጥሩ ተይዟል። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ውዳሴው በሰባት ቀን የተከፈለ ነው። ሰኞ «ፈቀደ እግዚእ»፣ ማክሰኞ «አክሊለ ምክሕነ»፣ ሐሙስ «ዕፀ ዘርእየ ሙሴ» እያለ እሑድ «ተሰመይኪ ፍቅርተ» ላይ ይደርሳል። እኛ ረቡዕ ረቡዕ ከተገናኘን ዕድሜ ልካችንን «ኵሉ ሠራዊተ ሰማያት» ስንል ልንኖር ነው። ቀሪዎቹ ስድስቱ መቼ ሊጠኑ?

ጸሐፊው፦
ይህን አላሰብኩትም ነበር፣ ትክክል ነሽ። ምሽቱን ለሁለት ብንከፍለውስ? በመጀመሪያ ጥናት፣ ተራው የደረሰው የየትኛውም ቀን ክፍል። መዝጊያው ጸሎት ነው፣ እሱ የዕለቱ የረቡዕ ይሁን። ከጥምቀት እስከ ሐምሌ መጨረሻ 28 ሳምንት ገደማ አለ። ሕማማትንና የበዓል ሳምንቶችን ብናወጣ ለአንድ ክፍል ሦስት ሳምንት ይደርሰዋል፣ ለክለሳም ይተርፋል። ጥናቱን ከረቡዕ እንጀምር። በየሳምንቱ ስለምንጸልየው እሱ መጀመሪያ ቢቀና ይሻላል።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፉት አባል፦
ልጆች፣ ስለ ቀኑ ተስማሙ፣ እኔ በሁሉም እመጣለሁ። ስለ አጠናኑ ግን ትንሽ ልበል።

ብዙዎቻችሁ ከዜማው እንጀምር ብላችኋል። አይሆንም። ንባቡ ሳይቀና ዜማ ውስጥ አይገባም። ግዕዝ ሲነበብ ቃሉ የሚነሣበትና የሚወድቅበት ስልት አለው፦ ተነሽ አለው፣ ወዳቂ አለው፣ ሰያፍ አለው፣ ተጣይ አለው። ተነሹን ጥላችሁ፣ ወዳቂውን አንሥታችሁ በለመዳችሁት ዜማ ብትሸፍኑት፣ ስሕተቱ ዜማ ሆኖ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ማቃናት ከአዲስ ማስተማር ይከብዳል። ቅዱስ ኤፍሬም የደረሰውን እኛ ባናበላሸው ጥሩ ነው።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መጽሐፍም ስልክም ይዘጋ። እኛ የቃል ትምህርት የምንማረው በጨለማ ነበር። መብራት የለ፣ የሚገለጥ ብራና የለ። መምህሩ አንድ ሐረግ ይላሉ፣ እንቀበላለን። ይደግማሉ፣ እንቀበላለን። አጠገቤ ያለው ልጅ ከፈጠነ ክርኔን እሰድበታለሁ! እናንተ ዓይናችሁ መጽሐፉ ላይ ስለሆነ ጎረቤታችሁን አትሰሙም። ለዚህ ነው ሁለቱ ረድፎች የሚለያዩት። በአንድ ምሽት ሦስትና አራት ሐረግ ከያዛችሁ በቂ ነው። ከዚያ መጽሐፉ ይገለጥና የያዛችሁትን በዓይናችሁ አይታችሁ ታረጋግጣላችሁ።

ከሰንበት ትምህርት ቤት የመጣው ወንድም፦
አቦ ጋሼ፣ ሦስት ሐረግ? በዚህ አያያዝ ፍልሰታ የሚቀጥለው ዓመት ሊሆን ነው! እኔ የምለው፣ መሪጌታ የሚሉትን በድምፅ ቀርጸን በቴሌግራም እናካፍል፣ ሰው ባጃጅ ውስጥም ሆኖ ይሰማል። ለአዳራሹም ማይክና ስፒከር አለን። አንድ ጥሩ ድምፅ ያለው ይምራ፣ ሌላው ይከተል።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፉት አባል፦
ቀረጻው ይሁን ልጄ፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሳምንቱን ለመከለስ ይሁን እንጂ በመምጣት ፈንታ አይሁን። ማይኩን ተወው።

የሳቢያኗ እህት፦
ማይኩ ላይ እኔም ከጋሼ ጋር ነኝ። ማይክ ሲኖር የሚሰማው የአንዱ ድምፅ ብቻ ነው። የማያውቀው ከሥር ተደብቆ አፉን እያንቀሳቀሰ ይወጣል። ደግሞ ከአዳራሹ አጥር ጀርባ ሰው ይኖራል። ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ድምፅ የጠገበ ሰፈር ነው። ለ30 ሰው ጥናት ስፒከር መክፈት ጎረቤት ማስቀየም ነው የሚሆነው።

ከሰንበት ትምህርት ቤት የመጣው ወንድም፦
እሺ፣ ተሸንፌያለሁ። ቀረጻውን እኔ እይዛለሁ።

ከወንዙ ማዶ ያለው አባል፦
ማንም ያላነሣው የክረምቱን ነገር ነው። አዳራሹ ከዚራ በኩል ነው፣ እኛ ብዙዎቻችን ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ከመጋላ ወገን ነን። በ1998 ደቻቱ ሞልቶ የመጣው በሐምሌ መጨረሻ ነበር፣ ያውም ሌሊት፣ ሰው በተኛበት። ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይጥል ከላይ ከሐረርጌ ደጋ የዘነበው ይመጣብሃል። እናቴን በሐምሌ ማታ ደቻቱን ተሻግረሽ ነይ አልላትም። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ምሽቱ ይቅርና እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ይሁን።

ጸሐፊው፦
ይህ ይገባል፣ ክርክርም የለው። ደግሞ የእሑዱን ክፍል መጨረሻ ላይ ካደረግነው ከቀኑ ጋር ይገጥማል። እህታችን የጠየቀችውም በግማሽ ይመለሳል።

እናታችን (በልጃቸው ስልክ)፦
ልጆቼ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን ግን በቃሌ እለዋለሁ፣ ከእናቴ ነው የያዝኩት። መጽሐፍ ይዘጋ መባሉ ደስ ብሎኛል። ወንበር ግን ይኑር። ጉልበቴ አይችልም። እግዚኦታውንም አትርሱት። ሲዘጋ 12 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ስትሉ ቆጠራው ይጠፋባችኋል፣ 9 ላይ የሚያቆም አለ፣ 14 የሚል አለ። አራት ጣት ነው፣ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት አንጓ አለው። በአውራ ጣት አንድ በአንድ እየነካችሁ ውረዱ። 41ዱ ሲሆን ብቻ መቁጠሪያ ያዙ።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፉት አባል፦
እማማ ከፊተኛው ረድፍ ይቀመጡልን። እርስዎ ካሉ ሴቶቹ አይሮጡም፣ አይዘገዩም። አንዳንድ ቦታ ንባቡን አብረን እናቃናዋለን፣ እንዳይቀየሙኝ።

እናታችን (በልጃቸው ስልክ)፦
ብታርመኝ ምን አለበት? ከእናቴ የሰማሁትን ካልነካህብኝ። (ይሄኛው ቀልድ ነው ብለዋል፤ እኔ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ልጃቸው።)

ገንዘብ ያዥዋ፦
ከሣጥኑ ሊወጣ የሚችለውን በአጭሩ ልጻፍ። የኪስ ውዳሴ ማርያም ለሌላቸው ጥቂት መጻሕፍት፣ የመምህሩ መጓጓዣ፣ ሻይና ቆሎ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ድግስ የሚባል ነገር እንዳይነሣ አደራ። ወንበር አዳራሹ አለው። መብራት ሲጠፋ ግን ጄኔሬተር አንከራይም፣ ጋሼ በጨለማ ነው የተማርነው ብለዋልና!

ከገንደ ቆሬ የምትመጣው እህት፦
አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ሰፈር አዲስ የሚመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ በኦሮምኛ ነው የሚቀልላቸው። ግዕዙን ሁላችንም እኩል እንማረው። ትርጉሙ ሲነገር ግን በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን። በሁለቱም የሚያስረዳ ዲያቆን ስላለን ከውጭ ሰው መጥራት የለብንም።

ጸሐፊው፦
ተስማማን ብዬ ልያዘው። ለሰበካ ጉባኤው የሚገባው ደብዳቤ ዋናው አንቀጽ ይህ ነው፦

«የማኅበራችን አባላት ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው ረቡዕ ጀምረን እስከ ሰኔ መጨረሻ ዘወትር ረቡዕ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ውዳሴ ማርያምን በቃልና በንባብ ለማጥናት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እንዲፈቀድልን በትሕትና እንጠይቃለን። ጥናቱን የሚመሩልን መምህር በሰበካ ጉባኤው እንዲመደቡልን እንለምናለን። ንባቡ ለመምህሩ አጥጋቢ ሆኖ ሲገኝ ወደ ዜማው እንገባለን። የትርጉም ማብራሪያው በአማርኛና በኦሮምኛ ይሰጣል። የድምፅ ማጉያ አንጠቀምም። የመምህሩን መጓጓዣና የመጻሕፍቱን ወጪ ማኅበሩ ይሸፍናል።»

ዜማው መቼ እንደሚጀመር ቀን አልቆረጥኩለትም፣ ሆን ብዬ ነው። ቀን ከጻፍን ቀኑን ለመድረስ እንሮጣለን። እግዚኦታና ወንበር ደብዳቤ ውስጥ አይገቡም፣ በእኛ መዝገብ ይያዛሉ።

የቀረው የአዳራሹ ጉዳይ ነው። አንዳንድ ረቡዕ ለስብሰባ ይያዛል ሲባል ሰምቻለሁ። ከሰንበት ትምህርት ቤት የመጣኸው ወንድማችን፣ ነገ ቁልፉን የሚይዙትን አባት አነጋግራቸውና የተያዙትን ቀኖች ጻፍልኝ። ደብዳቤው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሩ አጠገብ ይፈረማል። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፣ ባለፈው አንድ ለሁላችን ተዋውሰን ግማሹ ሳይፈርም ሄዷል።