500ኢ መርሴዲስ ልገዛ ነው፤ ከሁለቱ የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

የማይን ዳር (ፍራንክፈርት)

ጤና ይስጥልኝ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። አዲስ አበባ ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን የነበሩ ነጋዴ ጥቁር ሰማያዊ ደብልዩ 124 መርሴዲስ ነበራቸው። እሑድ እሑድ ሲያሳጥቡት አጥሩ ሥር ቆሜ አያለሁ። በሩ ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አሁን እግዚአብሔር ይመስገን አቅሙ ስላለኝ፣ ከዚያው ቤተሰብ ጉልበተኛውን፣ 500ኢ የሚባለውን ልገዛ ቆርጫለሁ።

ሁለት አግኝቻለሁ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1992 የተሠራ፣ 96,000 ኪሎ ሜትር የሄደ፣ 58,000 ዩሮ የሚባል ነው። ቀለሙ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ባለቤቱ ለብዙ ዓመታት ቤት ውስጥ አቁሞት ኖሯል። የጥገና ወረቀቱ ግን 2004 ላይ ያበቃል። ሁለተኛው በ1993 መጀመሪያ የተሠራ ሲሆን 231,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ ዋጋው 41,000 ዩሮ ነው። የሹፌሩ መቀመጫ ቆዳ ተሰነጣጥቋል፣ ኮፈኑን ጠጠር ነካክቶታል፤ ሆኖም ሁለት ወፍራም ማኅደር ሙሉ ደረሰኝ አለው።

ልቤ ወደ መጀመሪያው ያደላል። በየዓመቱ ምን ያህል ያስወጣል? በየቀኑ ወደ ሥራ ልነዳው እችላለሁ? ጡረታ ስወጣስ ወደ አገር ቤት ይዤው ልገባ እችላለሁ? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ኔካር ማዶ (ሽቱትጋርት)

ወንድሜ፣ ሁለተኛውን ግዛ። ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ እጽፍልሃለሁ፤ ይህን መኪና ዘጠኝ ዓመት ይዤዋለሁ፣ ስለ እርሱ ማውራትም አይሰለቸኝም።

እዚህ ሽቱትጋርት የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ሥራ ስገባ በጹፈንሃውዘን በኩል፣ በፖርሽ ፋብሪካ አጠገብ አልፋለሁ። የምትገዛው መኪና የተገጣጠመው እዚያ ነው። መርሴዲስ አምስት ሊትሩን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር በደብልዩ 124 ውስጥ ለማስገባት ሲነሳ፣ ንድፉን የማልማቱን ሥራ ለፖርሽ ሰጠ። ጎማው እንዲሰፋ ፓራፋንጎውም መስፋት ነበረበት፤ የሰፋው አካል ደግሞ በዚንደልፊንገኑ የመርሴዲስ ፋብሪካ መስመር ላይ አላልፍ አለ። ስለዚህ የአካሉ ክፍሎች ወደ ጹፈንሃውዘን ሄደው ይገጣጠማሉ፣ ቀለም ለመቀባት ወደ ዚንደልፊንገን ይመለሳሉ፣ ሞተርና መቀመጫ ለመግጠም እንደገና ጹፈንሃውዘን ይሄዳሉ፣ ለመጨረሻው ፍተሻ ደግሞ ዳግም ዚንደልፊንገን ይገባሉ። አንዱን መኪና ለመጨረስ 18 ቀን ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ከታየ ጀምሮ ምርቱ በ1995 እስኪቆም የተሠሩት 10,479 ብቻ ናቸው። ይህን የምነግርህ ለጉራ አይደለም፤ በእጅ በተሠራ ነገር ላይ ቸልተኝነት ምን ያህል እንደሚከብድ እንድታስበው ነው።

አሁን የእኔን ስማ። እኔም እ.ኤ.አ. በ2016 ስገዛ እንደ አንተ በሚያበራ ቀለምና በትንሽ ኪሎ ሜትር ተማርኬ ነበር። በአራተኛው ወር ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሞተሩ ይንገዳገድ ጀመር። የወሰድሁበት ጋራዥ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ብሎ አንዱን ቀየረ፣ ቀጥሎ ሌላውን ቀየረ፤ 1,900 ዩሮ ከፈልሁ። ሞተሩ እንደታመመ ቀረ። በመጨረሻ አንድ ጡረታ የወጡ ጀርመናዊ መካኒክ ወደ ሞተሩ የሚገባውን የሽቦ ጥቅል ይዘው በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው አጠፉት። የሽቦው ሽፋን እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ፤ መዳቡ ራቁቱን ቀረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ መርሴዲሶች የሞተር ሽቦ ሽፋን የሞተሩን ሙቀት አይችልም፤ ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሽቦ ከሽቦ ይነካካል። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር መክፈቻ የሚያዘው መሣሪያ ውስጥ ያለው ሽቦም እንደዚያው ነው። አዲሱ ጥቅል 1,350 ዩሮ አስከፈለኝ፤ መኪናውም በማግስቱ ዳነ። ስለዚህ ማኅደሩን ስትከፍት ከሁሉ በፊት የምትፈልገው የሽቦውን ደረሰኝ ነው። ያልተቀየረለት መኪና ቀለሙ ወርቅ ቢሆን ዋጋውን ዝቅ አድርገህ ተደራደር።

ቀጥሎ ዝገት። በጎን ባለው የፕላስቲክ ሽፋን ሥር ክሪክ የሚገባባቸው አራት ቦታዎች አሉ። ውኃና የክረምት ጨው እዚያ ይጠራቀማል፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ሽፋኑን ማንሳት የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመህ አመስግነህ ተመለስ። ስንት ሰው የሚያብረቀርቅ መኪና ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ የክሪኩ ቦታ በጣት እንደሚበሳ አውቋል።

ሞተሩ ራሱ ጠንካራ ነው። እንደ ተሠራበት ጊዜ 326 ወይም 320 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በጊዜው ዘይት ካገኘ ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ በአንድ ቅያሪ የሚገባበት ዘይት ስምንት ሊትር ያህል ነው። ጠዋት ሲነሳ ከላይ የቀጭ ቀጭ ድምፅ ከሰማህ አትደንግጥ፤ ብዙ ጊዜ ለካምሻፍቱ (የሞተሩን ቫልቮች ለሚከፍተው ዘንግ) ዘይት የሚያደርሱት ቱቦዎች የተያያዙባቸው ትናንሽ ፕላስቲኮች ተሰብረው ነው። ፕላስቲኮቹ ርካሽ ናቸው፤ ችላ ካልሃቸው ግን ካምሻፍቱ ያለ ዘይት ይበላል። የካቴናው መምሪያ ፕላስቲክም በዕድሜ ይደርቃልና መቼ እንደተቀየረ ጠይቅ። ከኋላ የመኪናውን ከፍታ የሚጠብቁ የናይትሮጅን ኳሶች አሉ፤ መኪናው በትንሽ ጉብታ ላይ እንደ ጋሪ ከዘለለ እነርሱ አልቀዋል ማለት ነው።

ወጪውን ጠይቀሃል። ባለፉት አምስት ዓመታት ነዳጅና ኢንሹራንስ ሳይጨምር በዓመት በአማካይ 2,800 ዩሮ አውጥቻለሁ። አንዱ ዓመት 900፣ አንዱ ደግሞ 6,000 ነበር፤ እኩል እየተከፋፈለ አይመጣም። ሠላሳ ዓመት ስለሞላው ቲዩፍ (የመኪና ምርመራ ድርጅቱ) መርምሮ ካጸደቀልህ የታሪካዊ መኪና ታርጋ ታወጣለህ፤ ግብሩ በዓመት 191.73 ዩሮ ብቻ ይሆናል። በየቀኑ ስለመንዳት ግን አይሆንም እላለሁ። ከኅዳር እስከ መጋቢት መንገዱ ላይ ጨው አለ፤ የእኔ በእነዚያ ወራት አይወጣም። ወደ አገር ቤት ስለመውሰዱ እዚያ ያሉት ቢመልሱልህ ይሻላል።

መካኒክ ከሳሪስ (አዲስ አበባ)

በመጨረሻው ጥያቄ እጀምራለሁ። ወንድሜ፣ ያንን ሐሳብ ከአሁኑ አውጣው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ የሚከፈለውን እጅግ ከፍ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። መኪናህን እዚያው ደስ ብሎህ ንዳው።

በእጄ 500ኢ ገብቶ አያውቅም። ይኸው ሞተር ግን በኤስ 500 ላይም ተገጥሞ ስለነበር ሁለት ጊዜ ፈትቼዋለሁ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ማንኛውም ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጁን ያህል ያጣል። እናንተ እዚያ ሙሉውን ታገኙታላችሁ።

የሽቱትጋርቱ ወንድማችን በተናገረው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለዓመታት የቆመ መኪና ከተነዳ ይልቅ ያስፈራኛል። የፍሬን ዘይት ውኃ ይስባል፣ የፍሬን ፒስቶን ይነክሳል፣ በነዳጅ ጋኑ ውስጥ ዝገት ይፈጠራል፣ የካምቢዮው ጎማዎች ደርቀው ያፈሳሉ። ጎማውም ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ውስጡ የደረቀ ይሆናል፤ በጎኑ ላይ ካሉት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት አንብብ። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር በሃያ ዓመት ጎማ ላይ አይኬድም።

የማይን ዳር (ፍራንክፈርት)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአገር ቤቱ ነገር ቅር ቢለኝም እውነቱን ማወቁ ይሻላል።

ጋሼ፣ እንዳሉኝ የሁለተኛውን መኪና ማኅደር ልከውልኝ ሌሊቱን ሳነብ አደርሁ። የሞተሩ ሽቦ ጥቅል በ2011 ተቀይሯል፤ ደረሰኙ አለ። ካቴናውና መምሪያው በ2018 ተቀይረዋል። የመጀመሪያውን መኪና ሻጭ ስለ ሽቦው ብጠይቀው «እስከ ዛሬ ችግር አልፈጠረም» ብቻ አለኝ። ሁለተኛው ሻጭ ደግሞ ሳልጠይቀው የአየር ማቀዝቀዣው እንደማይሠራ ነገረኝ። ይህ ትልቅ ነገር ነው? ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ሁሉ ልፋት ሲነዱት ይረሳል? እስከ አሁን አንድም ቀን ነድቼው አላውቅም።

ኔካር ማዶ (ሽቱትጋርት)

ልጄ፣ ሳይጠየቅ ጉድለቱን የነገረህ ሰው መኪናውን የሚያውቅና የሚወድ ሰው ነው።

ማቀዝቀዣው ቀላልም ከባድም ሊሆን ይችላል። ጋዙ ብቻ ካለቀ ቀላል ነው። ከዳሽቦርዱ በስተጀርባ ያለው ቀዝቃዛውን አየር የሚሠራው ክፍል ከተበሳ ግን ዳሽቦርዱ በሙሉ መውረድ አለበት፤ ዕቃው ውድ አይደለም፣ ውዱ የሠራተኛው ሰዓት ነው። ከዋጋው 2,500 ዩሮ እንዲቀንስልህ በአክብሮት ጠይቀው።

ስለ መንዳቱ የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። ባለፈው ግንቦት አንድ እሑድ ማለዳ ባለቤቴን ይዤ በአውቶባን 81 ወደ ዚንገን ከተማ ወረድሁ። ይህ መኪና በዝግታ ስታስነሳው በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ ከተማ ውስጥ ጸጥ ያለ የሽማግሌ መኪና ይመስላል። ፍጥነት ያልተገደበበት ቦታ ደረስንና መንገዱ ባዶ ሲሆን የነዳጁን ፔዳል እስከ ታች ረገጥሁት። ካምቢዮው አንድ አፍታ አሰበ፤ ከዚያ ማርሹን ዝቅ አድርጎ ወሰደን። አይጮኽም፤ ከሩቅ እንደሚመጣ ክረምት ያጉረመርማል። 210 ላይ ስንደርስ መሪው በእጄ ውስጥ ከ120 ይልቅ የረጋ ነበር፤ ባለቤቴም ከጎኔ ድምፅዋን ሳታነሳ ስለ እህቷ ልጅ ሠርግ እያወራችኝ ነበር። ወደ ዚንገን ስትቃረብ ሆሄንትዊል የሚባለው ተራራ ከሜዳው መካከል ብቻውን ብድግ ይላል፤ አናቱ ላይ የፈረሰ ምሽግ አለ። እኛ አምባ የምንለው ዓይነት ነው። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ ፍጥነቴን ቀንሼ መስኮቱን እከፍታለሁ።

ነዳጁን ልንገርህ፤ በዚያ አካሄድ በመቶ ኪሎ ሜትር 17 ሊትር ጠጣ፤ ረጋ ብዬ ስመለስ 12 ነበር።

ቅዳሜ የምታየው ከሆነ በባቡር መጥቼ አብሬህ አያለሁ፤ ሽፋኑን የምናነሳበትን መፍቻ፣ መብራትና መሬት ላይ የምንተኛበት አሮጌ ብርድ ልብስ እይዛለሁ። አንተ ለሻጩ ዓርብ ማታ ደውልለትና እኛ ሳንደርስ ሞተሩን እንዳያስነሳው ንገረው። ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ መስማት እፈልጋለሁ።