የአዲስ አበባና የናይሮቢ የቢሮ ስልክ ወጪ እንዴት ይነጻጸራል?

ጥያቄ (ከሶማሌ ተራ)፦
ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ እንሸጣለን፤ ባለቤቴ ደግሞ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ትንሽ ቢሮ ከፍቷል። ለሁለቱም የንግድ ስልክ ማስገባት ስላሰብን ወርሃዊ ኪራዩን ጎን ለጎን ጽፌ፣ ሽልንጉን በብር መትቼ ሳየው የአዲስ አበባው በጣም ረከሰብኝ። የኬንያ ደንበኞችም በዚሁ ቁጥር ይደውሉልን ብዬ ነበር። ባለቤቴ «ተሳስተሻል» ይለኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ 1 (የናይሮቢ ነዋሪ)፦
እህቴ፣ እውነቱ ከባለቤትሽ ጋር ነው። ለኬንያዊ ደንበኛ በ251 የሚጀምር ቁጥር የውጭ አገር ጥሪ ነው፤ ዋጋ ለመጠየቅ ብሎ ማንም አይደውልበትም። እዚህ በ020 የሚጀምር መደበኛ ስልክም ቢሆን ፈላጊው ጥቂት ነው። የእኔ ሱቅ በር ላይ በቀለም የተጻፉት ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሞባይሌ፣ ሌላው የኤም-ፔሳ መክፈያዬ። ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው መደወልም እንደ ድሮው አያስፈራም። ኩባንያዎቹ ለደቂቃ እርስ በርስ የሚከፋፈሉት ሒሳብ 0.58 ሽልንግ የነበረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ወደ 0.41 ወርዷል። ለኢስሊው ቢሮ የኬንያ ሲም ካርድ ይበቃል።

መልስ 2 (የሒሳብ ባለሙያ)፦
ሽልንጉን በስንት መቱት? ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር፣ ከዚያ በፊት የተጻፈ ማነጻጸሪያ ካለዎት ይጣሉት። የተነገረዎት ዋጋ ታክስን ማካተቱንም ያረጋግጡ፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱ በእኛ 15፣ በኬንያ 16 በመቶ ነው፣ ኤክሳይስ ታክስም በሁለቱም አገር አለ።

ዋናው ግን ይህ አይደለም። ኪራይ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም፤ ወጪውን የሚወስነው ማን ወዴት እንደሚደውል ነው። ያለፈውን ወር የጥሪ ዝርዝር ያውጡና በእስክሪብቶ ይለዩት፦ በዚያው ኩባንያ ውስጥ፣ ወደ ሌላ ኩባንያ፣ ወደ ውጭ አገር። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በእኛም አገር ሁለተኛው ዓምድ ባዶ አይሆንም።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ለየሁት። ከ600 ደቂቃ ውስጥ 410ሩ ከባለቤቴ ጋር የተነጋገርንበት ነው! ስለ ዕቃ ቁጥር፣ ስለ ጭነት፣ ስለ ክፍያ። ደንግጫለሁ።

መልስ 3 (የኔትወርክ ቴክኒሻን)፦
እንግዲያው መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለታችሁም ቢሮ ኢንተርኔት ካለ፣ እርስ በርስ የምትነጋገሩትን በሙሉ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ጥሪ አድርጉት። የዕቃ ቁጥር በቃል ከምትነግሪው ፎቶውን ላኪለት፤ በስህተት የመጣ አንድ ዕቃ ከብዙ ወር የስልክ ሒሳብ ይበልጣል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብቻ በመደበኛው ደውሉ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ብዙ ሲም ካርድ የሚይዝ፣ የውጭ ጥሪን የአገር ውስጥ አስመስሎ የሚያስገባ መሣሪያ «ከናይሮቢ በርካሽ እናምጣላችሁ» የሚሉ አሉ። እንዳትነኩት። በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በእስራት ያስቀጣል።

መልስ 4 (ከሞያሌ)፦
ዕቃው በእኛ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ለሾፌራችሁ ንገሩት። እዚህ ስልክ ሳይታሰብ የወዲያኛውን አገር ኔትወርክ ይይዛል። እኔ መጋዘን ውስጥ ሆኜ ያነሳሁት ጥሪ በሮሚንግ ተቆጥሮብኝ ያውቃል። ከመድረሱ በፊት ኔትወርክ በራሱ እንዳይመርጥ ያጥፋውና የሚፈልገውን ራሱ ይምረጥ።

ጠያቂዋ፦
ለሾፌሩ አሁን ደወልኩለት፤ ነገ ሐዋሳ ሲያድር ያስተካክለዋል። እዚህ አንድ መደበኛ መስመር፣ ኢስሊ አንድ የኬንያ ሲም ካርድ፣ የእኔና የባለቤቴ ጨዋታ በኢንተርኔት። የሚቀጥለው ወር ዝርዝር ሲወጣ 410ሩ ስንት እንደሆነ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።