ቶዮታ 86 በጎንደር ከፍታ ላይ፦ ቱርቦ ይቅደም ወይስ ፍሬን?

ጠያቂ፦ ባለ ቀይዋ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ነዋሪነቴ ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አገር ለቆ ሊሄድ ከተነሣ የአዲስ አበባ ሰው ላይ የ2013 እ.ኤ.አ. ሥሪት ቶዮታ 86 ገዛሁ፤ ማኑዋል ማርሽ ያላት፣ በኋላ ጎማ የምትነዳ ቀይ መኪና ናት። ፒያሳ ላይ ሳቆማት ባለ ባጃጆቹ ዙሪያዋን እየዞሩ ከኋላ ስንት ሰው እንደምትጭን ይጠይቁኛል፤ የኋላ ወንበሯ አንድ ዘንቢል አትክልት እንኳ በቅጡ እንደማይዝ ስነግራቸው ያዝኑልኛል።

ቀደም ሲል ዱባይ ስሠራ የዚህችኑ ዓይነት መኪና ተከራይቼ 5.39 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው በዱባይ አውቶድሮም ግማሽ ቀን ነድቼ ነበር፤ ያን ጊዜ ያየሁትን ጉልበት እዚህ ላገኘው አልቻልኩም። ወረቀቷ 200 የፈረስ ጉልበት ቢልም ወደ ጎሃ ሽቅብ ስወጣ ከአሮጌ ሚኒባስ የማትሻል ትመስለኛለች። ስለዚህ ሁለት ነገር አስቤአለሁ፦ ዘመዴ ከዱባይ ያመጣልኝን የቱርቦ ዕቃ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን) ማስገጠምና ሞላዎቿን አስቆርጬ ዝቅ ማድረግ። ከዚያ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ማልደን ተነሥተን፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ከደባርቅ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በፍጥነት መውረድ እንፈልጋለን። በነገራችን ላይ ባለፈው ጥር ስንወርድ የፍሬን መርገጫው ለስልሶ ወደ ወለሉ ተጠግቶብኝ ነበር፤ ዳር ይዤ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆምኩ በኋላ ግን ራሱ ተስተካከለ። ከየትኛው ሥራ ብጀምር ይሻላል ትላላችሁ?

መልስ፦ ፍሬን ሠሪው

ወንድሜ፣ የጠየቁት ስለ ቱርቦ ነው፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን «በነገራችን ላይ» ብለው ያለፉት ነገር ነው። እዚሁ ጎንደር ጋራዥ አለኝ፤ በደባርቅ መንገድ የሚመላለሱ አይሱዙዎችና ሚኒባሶች ይዘውብኝ የሚመጡት ሕመም ይኸው ነው። መርገጫው እንደ ወትሮው ጠንክሮ ሳለ መኪናው አልቆም ካለ የጋለው ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመው ሸራ ነው። መርገጫው ለስልሶ ከወረደና ሲቀዘቅዝ ከተመለሰ ግን የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው። ዘይቱ ፈሳሽ እስከሆነ ድረስ አይታመቅም፤ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ እግርዎ የገፋው ሸራውን የሚጫነውን ፒስተን ሳይሆን እንፋሎቱን ነው። ራሱ ተስተካከለ ያሉት ቀዝቅዞ ነው እንጂ ድኖ አይደለም።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት በጠጣ ቁጥርም የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ደረጃው ያስገድዳል፤ እርጥበት ከገባው በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 በ230 እና በ155፣ ዶት 5.1 ደግሞ በ260 እና በ180 ይለካሉ። ዶት 5 ከሲሊኮን የተሠራ ሌላ ዘር ስለሆነ ከእነዚህ ጋር እንዳይደባልቁት ይጠንቀቁ። ክዳኑ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስም አይግዙ፤ ዋጋው ቢቀንስልዎ እንኳ የሚገዙት ውኃውን ጭምር ነው።

የሞላውን ነገር በአጭሩ ልናገር። ሞላ ሲቆረጥ ማጠር ብቻ ሳይሆን ይጠነክራልም፤ ሾክ አብዞርበሩ ግን ለቀድሞው ሞላ የተሠራው ስለሆነ የአዲሱን ንጥረት መግታት ያቅተዋል። ኮብልስቶኑንና በየሰፈሩ የተሠራውን የፍጥነት መገደቢያ ጉብታ ሲጨምሩበት፣ ከሥር የሚፋቀውን ብረት ለመበየድ ወደ እኔ ዘንድ መመላለስዎ አይቀርም።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር

ከላይ የተባለውን በቁጥር ልደግፈው። ማንኛውም መኪና፣ ቀላልም ይሁን ከባድ፣ 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚያጣው የከፍታ ጉልበት ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት 25 ጊዜ ያህል እስኪቆም ድረስ ቢረገጥ ከሚወጣው ሙቀት ጋር እኩል ነው። ክብደቱ በሁለቱም በኩል ስላለ ይጣፋል። ከዚህ ውስጥ ነፋሱና የጎማው ሰበቃ የሚወስዱት ድርሻ ቢኖርም፣ በዝቅተኛ ማርሽ ይዘው ካልወረዱ በስተቀር አብዛኛው በአራት ዲስኮች ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ እርስዎ ያሰቡት ከየኩርባው ፊት እየረገጡ፣ ከየኩርባው በኋላ እንደገና ነዳጅ እየሰጡ መውረድ ስለሆነ ሞተሩ የሚጨምረውም ሙቀት አለ። የከፍታው አየር ስስ በመሆኑ ዲስኩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስም ከባሕር ዳርቻው ያነሰ ነው። (ባሕር ዳርቻ ስል ባሕር ዳርን ማለቴ አይደለም፤ ተማሪዎቼ ይህን ስለሚያምታቱ ነው።)

ጉልበቱን በተመለከተ መኪናዋ አልታመመችም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,133 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 77 ከመቶ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያቃጥለው ነዳጅ በሚስበው አየር ልክ ስለሆነ፣ ከ200ው የፈረስ ጉልበት ውስጥ እዚህ የሚቀርዎ 160 አይሞላም። አዲስ አበባ ከዚህም ከፍ ያለች ስለሆነች መኪናዋ እርስዎ ዘንድ ስትመጣ ጥቂት ትንፋሽ አግኝታለች ማለት ይቻላል።

መልስ፦ ቱርቦ ወዳጅ

መምህሩ የተናገሩት ለእኔ ክርክር ይጠቅማል። የጎደለው የአየር ግፊት ሩብ ባር እንኳ አይሞላም (አንድ ባር በባሕር ጠለል ያለው የአየር ግፊት ያህል ነው)፤ ስለዚህ በጣም ዝቅ ባለ ግፊት የሚሠራ ቱርቦ ሞተሩ በባሕር ጠለል ይሸከመው የነበረውን ጭነት ነው የሚመልስለት እንጂ ከዐቅሙ በላይ አያሸክመውም። በደጋ አገር ቱርቦ ማካካሻ እንጂ ቅንጦት አይደለም። ለዚህ ጥሩ ምስክር አለ፦ በፎርሙላ 1 ታሪክ ባለ ቱርቦ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉ ፊት ሆና የተነሣችው በ1979 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እርሷም በዣን ፒየር ዣቡይ የተነዳችው ሬኖ ናት፤ ቦታውም 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለው የደቡብ አፍሪካው ካያላሚ ነበር። የሌሎቹ ሞተሮች በስሱ አየር ሲታፈኑ የእርሷ አልታፈነም። ስለዚህ የፍሬኑን ምክር ሳልቃወም፣ ቱርቦው ከናካቴው ይቅር ቢባል ግን አልቀበልም።

መልስ፦ ባለ ቢአርዜድ

የዚያን ዕለት ውድድር ያሸነፈው ቱርቦ ባልነበራት ፌራሪ የተቀመጠው ዢል ቪልኔቭ እንደነበረም አብሮ ቢነገር ጥሩ ነው።

እኔ የያዝኩት የጠያቂውን መኪና መንትያ፣ ሱባሩ ቢአርዜድን ነበር። «ነበር» ያልኩት ሞተሯ ስለተሰበረ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጋራዥ ቱርቦ ገጠመልኝ፤ ሩብ ባር ላይ እንደሚቆም ነግረውኝ እኔም እንደ ቱርቦ ወዳጅ አስቤ ተስማማሁ። ደጋ ላይ እስካለሁ ድረስ ሒሳቡ ልክ ነበር። ችግሩ ተራ የቱርቦ ግፊት መቆጣጠሪያ የሚለካው በዙሪያው ካለው አየር በላይ የተጨመረውን ብቻ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ወደ ቆላ ሲወርዱ በዙሪያው ያለው አየር ይወፍራል፣ ሩብ ባሩ ግን በዚያው ላይ ይጨመራል። ከጫፉ ከ1,000 ሜትር በላይ ከሚያዘቀዝቀው ከአባይ በረሃ ሥር ተነሥቼ ወደ ደጀን በሦስተኛ ማርሽ ስወጣ በመጀመሪያ ጠጠር በቆርቆሮ ላይ እንደሚበተን ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ሳዳምጥ አንድ ከባድ ነገር ከሥር መታኝ። ወርጄ ሳይ አንዱ ቢዬላ (ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ብረት) የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ወጥቷል፤ አስፋልቱ ላይ እስከ ኩርባው ድረስ የዘይት መስመር ተዘርግቷል። ጋራዡ የነዳጁንና የካንዴላውን ሰዓት የሚያዘው ኮምፒውተር ላይ ያደረገው ማስተካከያ እንዳልነበረ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የዚህ ሞተር ኮምፕሬሽን፣ ማለትም አየሩንና ነዳጁን የሚያምቅበት ልክ፣ 12.5 ለ1 ነው፤ ይህም ቱርቦ ለሌለው ሞተር እንኳ ከፍ ያለ ነው፤ ቱርቦ ሲጨመርበት ነዳጁ ከልክ በላይ ታምቆ ያለ ጊዜው ይቀጣጠላል። ሱባሩ ራሱ የዚህኑ ቤተሰብ ባለ 2 ሊትር ሞተር ደብሊውአርኤክስ ለተባለው መኪናው በቱርቦ ሲያዘጋጀው ወደ 10.6 አወረደው። የ86 ተከታይ መኪና ላይም «ጉልበት አነሰ» ለሚለው ወቀሳ የተሰጠው መልስ ቱርቦ ሳይሆን ሞተሩን ወደ 2.4 ሊትር ማሳደግ ነው። እነርሱ የፈሩትን እኛ በኪራይ ግቢ ውስጥ እንደፍረዋለን። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ ደግሞ መኪናዋ ከጠፋች ሌላ አምጥቶ መተካት የለም። ሌላ ሞተር አግኝቶ ቢቀየር እንኳ የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ስለሰፈረ ሌላ ደጅ ጥናት ይከተላል፤ እኔ አሁን እዚያ ላይ ነኝ።

መልስ፦ ከፍራንክፈርት

የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ቀሓ እየዋኘሁ ያደግሁ። ስለ ሊማሊሞ የምናገረው አለኝ። ያ መንገድ ጣሊያን በያዘን ዓመታት ገደሉን ጠርቦ የሠራው ነው፤ በአንዱ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ባዶ ነው። ከኩርባው ማዶ ያለው የቆመ የጭነት መኪና ይሁን የፍየል መንጋ ይሁን የሚያውቅ የለም፤ ማልዶ መነሣት ደግሞ ይህን አይለውጥም፤ ከብት የሚነዳውም ማልዶ ነው የሚነሣው።

እኔ ካለሁበት ሁለት ሰዓት ያህል ነድቼ የምደርስበት ኑርቡርግሪንግ የሚባል ስፍራ አለ። በ1927 እ.ኤ.አ. የተከፈተውና 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሰሜኑ ዙር ለሕዝብ ክፍት በሚሆንባቸው ቀናት ማንም መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በየዙሩ ከፍሎ ይገባበታል። ትልቁ ጥቅሙ ፍጥነቱ አይደለም፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ መሄዱ ነው። በእነዚያ ቀናት የጀርመን የመንገድ ሕግ ይሠራል፤ የሚታለፈው በግራ ብቻ ነው፣ ሰዓት እየያዙ መሽቀዳደም ክልክል ነው፣ የብረት አጥሩን የገጨ ሰው ያበላሸውን ይከፍላል። በአካባቢው ለዚሁ ተብለው የተዘጋጁ መኪኖች ይከራያሉ፤ ስለዚህ የእርስዎን መኪና በመርከብ ማጓጓዝ ሳያስፈልግ፣ ለቱርቦ የሚያወጡትን ገንዘብ ለአውሮፕላን፣ ለኪራይና አጠገብዎ ለሚቀመጥ አሠልጣኝ ማድረግ ይችላሉ። ዱባይን አስቀድመው ስለሚያውቁት ደግሞ እርሱ ሳይቀልዎ አይቀርም።

ስገባ ከአሠልጣኙ የተማርኩት የመጀመሪያው ነገር ስለ መፍጠን አልነበረም። ቀስ ብዬ ረዥም ጊዜ እረግጥ ነበር፤ ሰውየው አጭርና ብርቱ አድርገህ ርገጥ፣ መሪውን ማዞር ስትጀምርም እግርህን ቀስ እያልህ ልቀቅ አለኝ። ዲስኩ የሚግለው ረዥም በሆነው ርግጫ ነው። መጨረሻው ዙር ሁልጊዜ ማቀዝቀዣ ነው፤ ከዚያ ስንቆም የእጅ ፍሬን ልስብ ስል እጄን ያዘኝና ማርሽ ውስጥ እንድተወው አደረገ፤ የጋለ ዲስክ ላይ ሸራ ተጣብቆ ከቆየ ያንኑ ቦታ ለይቶ ስለሚያግለው በኋላ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ይህን ልማድ ሊማሊሞን ወርደው ሻይ ለመጠጣት ሲቆሙም ቢይዙት አይጎዳዎትም።

ጠያቂ፦ ባለ ቀይዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ዕለት ሰፈሬ ያለው መካኒክ ዘንድ ሄጄ የኋላውን ቀኝ ጎማ አስፈታሁ፤ አየር ማስወጫዋን ብሎን ሲፈታት ወደ ጠርሙሱ የወረደው ዘይት ወርቃማ መሆኑ ቀርቶ የጀበና አተላ ይመስል ነበር። መካኒኩ፣ እኔም አንቱ የምላቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩና «ይህን ይዘህ ነው ሊማሊሞን የወረድከው?» ብለው ዝም አሉ። አራቱም ጎማ ላይ ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ድረስ በዶት 4 አስለወጥኩ፤ የፊቱ ሸራም ከብረቱ ሊደርስ የቀረው ጥቂት ስለነበር እርሱንም አስቀይሬአለሁ።

ጎማውን ሳይ ደግሞ ጎኑ ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር 0913 ይላል (የ2013 እ.ኤ.አ. ዘጠነኛ ሳምንት ምርት)፤ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ነው ማለት ነው። ጥርሱ ገና ስላልተበላ አዲስ መስሎኝ ነበር፤ በጥፍሬ ስጫነው ግን እንደ እንጨት ደርቋል።

የቱርቦውን ሳጥን ከአልጋዬ ሥር መልሼዋለሁ። ቱርቦ ወዳጅ ያነሣው የሩብ ባር ሒሳብ አሁንም ይማርከኛል፤ ነገር ግን ጎንደር ላይ የሚኖር ሰው ወደ መተማ ቆላም ስለሚወርድ፣ የቢአርዜዱ ባለቤት የነገሩንን ያህል የሚያስፈራኝ ነገር አላነበብኩም። የሊማሊሞውን ነገር ለጓደኞቼ ነግሬአቸዋለሁ፤ አንዱ አኩርፏል።

ለአሁን የምፈልገው 215/45 ባለ 17 ቸርኬ ጎማ ነው። ጎንደር ያሉ ሱቆች በዚህ ልክ የሚያመጡት የለም፤ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ዘንድሮ የተመረተ ያየ ሰው ካለ ቢጠቁመኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ፍሬን ሠሪው

ባሕር ዳር ያለ አንድ ደንበኛዬ በዚህ ልክ አራት ጎማ ማስመጣቱን ሰምቻለሁ፤ ነገ ደውዬ የምርት ሳምንቱን አስነብቤ እጽፍልዎታለሁ። አዲሱ ሸራ ዲስኩን እስኪለምድ ድረስ ግን መጀመሪያዎቹን ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በለሰለሰ ርግጫ ይንዱ፤ ከአዘዞ ፒያሳ የሚያደርጉት ምልልስ ለዚህ ይበቃል።