ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ቤት በመብራት መስመር ኢንተርኔት ማሻገር ይቻላል?

መምህርት ከፉሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። ግቢያችን ፉሪ ነው። ራውተሩ ያለው ዋናው ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና ስለደረሰባት ፀጥታ ፍለጋ ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ቤት ገብታ ነው የምታጠናው። መሀላቸው ቢበዛ 30 ሜትር ነው፤ ግን ብሎኬቱና ቆርቆሮው ተደምረው ዋይፋዩ እዚያ አንድ ጭረት ብቻ ያሳያል። ቪዲዮ ልትከፍት ስትል ይሽከረከራል እንጂ አይከፍትም።

ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ «ይሄ በመብራት ሽቦ ኢንተርኔት ያሻግርልሻል» ብሎ ሁለት ነጫጭ ሳጥኖች አምጥቶልኛል። ካርቶኑ ላይ ፓወርላይን አዳፕተር፣ 600 ሜጋ ቢት ይላል። እግራቸው እንደ እንግሊዝ ዕቃ ሦስት ጠፍጣፋ ነው። እንዴት ነው የሚገጠሙት? መብራትና ኢንተርኔት በአንድ ሽቦ ሲሄዱስ ላፕቶፑን አያቃጥለውም? ባለቤቴ ደግሞ «የጎረቤት ልጆች በመስመሩ ገብተው ይጠቀሙብሻል» እያለ ያስፈራራኛል። የምታውቁ እባካችሁ።

ራውተር ልጅ፦
ሰላም መምህርት። ላፕቶፑ አይቃጠልም። የቤቱ መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ አዳፕተሩ የሚልከው ሞገድ ግን ከ2 ሜጋኸርዝ በላይ፣ ማለትም በሴኮንድ ከ2 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ማጣሪያ 220 ቮልቱን አስቀርቶ የኢንተርኔቱን ብቻ ወደ ኔትወርክ ገመዱ ያሳልፋል።

አገጣጠሙ ቀላል ነው። አንዱን ራውተሩ አጠገብ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩትና በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ላን (LAN) ከሚል ቀዳዳ ጋር ያገናኙት። ሁለተኛውን ገና ወደ ሰርቪስ አይውሰዱት፤ እዚያው ሳሎን ሌላ ሶኬት ላይ ይሰኩት። የአንዱን «ፔር» የሚል ቁልፍ ይጫኑ፣ 2 ደቂቃ ሳይሞላ የሌላውንም ይጫኑ። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ማለታቸውን ትተው ሲረጉ ተዋውቀዋል ማለት ነው። ከዚያ ነቅለው የትም ቢወስዷቸው አይረሱም።

ዲቫይደር ላይ ግን በፍጹም አይሰኩ። በተለይ የቮልቴጅ መከላከያ ያለው ዲቫይደር ሞገዱን እንደ ረብሻ ቆጥሮ ይውጠዋል። ስታብላይዘርና ዩፒኤስም እንደዚያው ናቸው። 600 የሚለውን ቁጥር ደግሞ ብዙም አይመኑት፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። እንዲያውም የዚህ ዓይነቶቹ ሳጥኖች የኔትወርክ ቀዳዳቸው ራሱ ብዙ ጊዜ ከ100 አያልፍም። ይሁን እንጂ የሚገባልዎ ኢንተርኔት 10 ሜጋ ከሆነ በሽቦው 40 ቢያልፍ እንኳ ይተርፋል።

የባለቤትዎ ስጋት ከባዶ የመጣ አይደለም። ቆጣሪ ሞገዱን ያዳክመዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያግደውም። ብዙዎቹ ሳጥኖች ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ይዘው ነው የሚወጡት፤ ስለዚህ ቁልፉን ሳይጫኑም እርስ በርስ ይገናኛሉ። ጎረቤትዎ ተመሳሳይ ዕቃ ከሰካ ከእርስዎም ጋር ሊገናኝ ይችላል ማለት ነው። ቁልፉን ሲጫኑ ግን የራሳቸውን ምስጢር ፈጥረው መረጃውን በ128 ቢት ይመሰጥሩታል። «ሳልጫነው ሠራልኝ» ብለው አይተዉት።

ኬብል ይሻላል፦
እኔ ምንም ቢሆን ኬብል ነው የምለው። 30 ሜትር ምን አላት? የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። የውጭውን፣ ጥቁሩንና ወፍራሙን ገዝቶ በፕላስቲክ ቱቦ መቅበር ነው፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ብቻ አታስገቡት። ይሄ ሳጥን ዛሬ 40 ሰጥቶ ነገ 5 የሚሰጥ ዕቃ ነው፤ የጎረቤት ብየዳ ሲጀምር ያዩታል።

ራውተር ልጅ፦
@ኬብል ይሻላል ትክክል ነህ፣ ኬብልን የሚያህል የለም። ግን ሴትዮዋ ዕቃው እጃቸው ላይ ነው፣ ግቢውም ምናልባት ሊሾ ነው። መጀመሪያ ይሞክሩት እስቲ።

ጋሽ ፌዝ፦
ልጆች፣ ስለ ኢንተርኔቱ ከማውራታችሁ በፊት ሽቦውን ጠይቁ። እኔ የመብራት ሥራ ላይ ነው ያረጀሁት። መምህርት ልጄ፣ እነዚህን መልሽልኝ። ሰርቪሱ ከዋናው ቤት ጋር አንድ ቆጣሪ ነው? መብራቱ ወደ ሰርቪስ የሚሄደው በምንድን ነው፣ ተቀብሮ ነው ወይስ በአየር? ምጣድ የሚበራው የት ነው? ያንን ሦስት እግር ሳጥንስ በምን ሰካሽው?

መምህርት ከፉሪ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ቆጣሪው አንድ ነው። ወደ ሰርቪስ የሚሄደው ከዋናው ቤት ኮርኒስ ወጥቶ በአየር ነው፤ ቤቱን ስንገዛ የነበረ ነው። ምጣዱ ሰርቪስ ነው፣ ማድቤቱ እዚያ ስለሆነ። እንጀራ ሲጋገር የልጅቷ ክፍል አምፖል ይደበዝዛል፤ ለምደነዋል።

ራውተር ልጅ እንዳለው አዋውቄያቸው ነበር፣ ሳሎን ውስጥ አረንጓዴ በሩ። ሰርቪስ ስወስደው ቀይ ሆነ፤ ኢንተርኔቱ ይመጣል ይሄዳል። ምጣዱ ሲሰካ ጭራሽ ይቆረጣል። የሰካሁት ከሱቅ በገዛሁት መቀየሪያ ነው፣ ሦስቱን ጠፍጣፋ ወደ ሁለት ክብ የሚቀይረው። መቀየሪያው ሲነካ ይሞቃል፤ ትንሽም የፕላስቲክ ሽታ አለው።

ጋሽ ፌዝ፦
አሁኑኑ ንቀይው። ይሄን ካነበብሽ በኋላ ሳይሆን አሁን።

ያ ሳጥን የሚበላው ጥቂት ዋት ነው፤ ሞቅ ቢል ያለ ነገር ነው። የመቀየሪያው ፕላስቲክ የሚሸት ከሆነ ግን ወይ ውስጡ ላልቷል ወይ የግድግዳው ሶኬት ራሱ ላልቷል። እዚያው ሶኬት ላይ ሌላ ከባድ ዕቃ አብሮ ከተሰካ ደግሞ የባሰ ነው።

ትልቁ ጉዳይ ግን ምጣዱ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይስባል፤ በ220 ስታካፍይው 16 አምፔር ነው። በዚያ በአየር በሄደው ሽቦ ምጣዱም አምፖሉም ሳጥንሽም ነው የሚሄዱት። አምፖል የሚደበዝዘው ሽቦው ከጭነቱ ከቀጠነ ወይም መሀል ላይ የላላ ቅጥል ካለ ነው። የላላ ቅጥል ጭነት ሲበዛበት ውስጥ ውስጡን ይፈነጥቃል። ያ ፍንጣቂ የኢንተርኔቱን ሞገድ ያበላሻል፤ ለዚህ ነው ምጣድ ሲሰካ የሚቆረጥብሽ። ቤት የሚያቃጥለውም እሱው ነው። ሳጥኑ ምንም አላጠፋም፣ ያለውን በሽታ ነው ያሳየሽ።

ኮርኒሱ ላይ ራስሽ አትውጪ፣ ልጅም አታውጪ። ፈቃድ ያለው የመብራት ሠራተኛ ጥሪ። ዋናው ብሬከር ወርዶ፣ በቴስተር ተፈትሾ ነው ያ ኮርኒስ የሚነካው። ሰውየውን እንዲህ በይው፦ ለሰርቪሱ ከቦርዱ የራሱ ብሬከር ያለው አዲስ መስመር ዘርጋልኝ፤ ምጣዱ የራሱ፣ ሶኬትና አምፖሉ የራሳቸው ይሁኑ። ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው፤ ለምጣዱ እንደ ርቀቱ 4 ወይም 6 ይግባ። 1.5 አስገብቶ «ይችላል» የሚልሽን አታስገቢው። ሰው ሲይዘው በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠውን ብሬከርም አስገጥሚ። ግራውንድ አላችሁ ወይስ የላችሁም፣ እሱንም አስለኪ።

ኬብል ይሻላል፦
ጋሼ ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የመስመሩ ሥራ ከተጀመረ ቦይ መቆፈሩ አይቀርም፤ ያኔ ጎን ለጎን ሁለተኛ ባዶ ቱቦ አስቀብሩ። ዛሬ ባታስገቡበትም ነገ ኔትወርክ ኬብል ይገባበታል። ድጋሚ ሊሾ መስበር አያምርም።

ሱሉልታ ንፋስ፦
እኛ ግቢ ተመሳሳይ ዕቃ እንጠቀማለን፣ በአጠቃላይ ጥሩ ነው። ግን ክረምት ላይ ተጠንቀቁ። መብረቅ ሲጀምር ሁለቱንም ከግድግዳ ነቅላችሁ የኔትወርክ ገመዱንም ከራውተሩ አውጡ። በመብራት መስመር የመጣ ምት በሳጥኑ አልፎ ራውተሩንም ይዞት ይሄዳል። መብራት ሄዶ ሲመለስም እንዲሁ፤ የመጀመሪያው ግፊት ነው ዕቃ የሚፈጀው። ስለዚህ ስትሄድ ነቅሎ፣ ተመልሳ ስትረጋ መሰካት።

ሌላው አባቴ ነው። በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ዜና ይሰማል፤ ሳጥኑ ከተሰካ ወዲህ ሬዲዮው ይንሿሿ ጀመር። አዳፕተሩም አጭር ሞገዱም በአንድ መንደር ውስጥ ስለሆኑ ነው፤ ሁለቱም ከ2 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ባለው ይጠቀማሉ። ሬዲዮውን በባትሪ አድርጌ ከሳጥኑ ራቅ ያለ መስኮት ላይ ሳደርገው ተሻለ። ዜና ሰዓት ላይ ግን እስካሁን «ያን ነገር ንቀሉልኝ» ይላል፣ እንነቅላለን።

መምህርት ከፉሪ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሠራተኛው መጥቶ ሥራው አልቋል። ጋሼ፣ ኮርኒሱ ሲከፈት ያየሁትን ልንገርዎት። ከዋናው ቤት የወጣው መዳብ ሽቦ ከአሉሚኒየም ሽቦ ጋር በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሏል። ናስትሮው ቀልጦ ጠቁሯል፣ መዳቡ ተሰባሪ ሆኗል፤ ሠራተኛው በፒንሳ ሲነካው ተቆረጠ። ከሥሩ ያለው እንጨት ሳይቀር ጠይሟል። ባለቤቴ ይሄን ካየ በኋላ ስለ ጎረቤት ልጆች ማውራት ትቷል።

አሁን ምጣዱ ለብቻው ነው፣ ሁለተኛ ቱቦም ተቀብሯል። መቀየሪያውን ጥዬ ሁለቱም ቦታ ሦስት ጠፍጣፋ የሚቀበል ሶኬት ከነግራውንዱ አስገጥሜያለሁ። ሰርቪስ ያለው ሳጥን አረንጓዴ ሆነ። በገመድ ላፕቶፕ ላይ ስናየው የምንከፍልበት 10 ሜጋ ሙሉው ይገባል፣ ምጣዱ እየበራም። ቀሪው ችግር ሳጥኑ ዋይፋይ የለውም፤ የልጅቷ ስልክ በምን ይያዝ? አሮጌ ሞደም ቤት አለኝ፣ እሱ ይሠራል?

ጋሽ ፌዝ፦
መዳብና አሉሚኒየም ቀጥታ ሲጠማዘዙ መጨረሻቸው ይሄ ነው፤ መነካኪያቸው ይዝጋል፣ ይላላል፣ ይሞቃል። ለሁለቱ የተሠራ ማያያዣ አለ። ግራውንዱን ማስገባትሽ ለኢንተርኔቱም ሊበጅ ይችላል፤ አንዳንዶቹ አዳዲስ ሳጥኖች ሦስተኛውን ሽቦ ጭምር ለሞገዱ ይጠቀሙበታል ይላሉ ልጆቹ።

ራውተር ልጅ፦
ልክ ነው ጋሼ፣ ያሉት ኤቪ2 ከሚባሉት አዲስ ዓይነት ሳጥኖች አንዳንዶቹ ናቸው።

መምህርት፣ አሮጌው ሞደም ይሠራል። መጀመሪያ ከምንም ጋር ሳያገናኙ ላፕቶፑን በገመድ ይሰኩበትና ማስተካከያ ገጹን በብሮውዘር ይክፈቱ፤ አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ነው። አድራሻውን ወደ 192.168.1.2 ይቀይሩት፤ አለዚያ ከዋናው ራውተር ጋር አንድ አድራሻ ይዘው ይጋጫሉ። ከዚያ ዲኤችሲፒ የሚለውን ያጥፉ። ይሄን ከረሱ ሁለቱም ለስልኮች አድራሻ ማደል ይጀምሩና ግማሹ ቤት ኢንተርኔት ያጣል፣ ምክንያቱን ለማግኘት ቀን ይፈጃል። የዋይፋይ የይለፍ ቃሉን አዲስና ጠንካራ ያድርጉ፤ ሳጥኖቹ የሚመሰጥሩት በሽቦው የሚሄደውን ብቻ ነው፣ ዋይፋዩን አይጠብቁም። በመጨረሻ ከሳጥኑ የሚመጣውን ገመድ ከሞደሙ ላን ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ይሰኩ፤ የስልክ መስመሩ ወይም ዋን (WAN) የሚለው ቀዳዳ ላይ አይደለም። ሞደሙን ራሱን ዲቫይደር ላይ መሰካት ይችላሉ፣ ሳጥኑ ግን ግድግዳው ላይ ይቆይ። የስልክ ቻርጀር ሳጥኑ አጠገብ አይሰኩ፤ ርካሾቹ ቻርጀሮች መስመሩን በጣም ይረብሹታል።

የኮዬ ፈጬ ተከራይ፦
ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገባሁ። እኔ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነኝ፣ ወንድሜ 4ኛ ላይ። በዚህ ሳጥን ኢንተርኔት ልንካፈል እንችላለን?

ጋሽ ፌዝ፦
ቆጣሪያችሁ የተለያየ ነው። ሽቦህ ወደ ታች ቆጣሪ ክፍል ወርዶ ነው እንደገና ወደ እሱ የሚወጣው። ሕንፃው ደግሞ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም መብራቱ በሦስት የተለያዩ መስመሮች የሚገባለት ስለሆነ አንተ አንዱ ላይ እሱ ሌላው ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ቢሠራም ደካማ ነው። ቆጣሪ ክፍል ገብቶ ሽቦ መነካካት ደግሞ አይታሰብም። ወንድምህ ከላይህ ከሆነ በመስኮት በኩል 10 ሜትር ኔትወርክ ኬብል አውርድ፣ አለቀ።

ኬብል ይሻላል፦
መጨረሻ ላይ ወደ እኔ መጣችሁ 😄

መምህርት ከፉሪ፦
ሞደሙ ሠርቷል፣ ስልኳም ይዟል። ዲኤችሲፒውን ያጠፋችው ራሷ ልጅቷ ናት። ማታ ማታ ነቅለን እንደር ወይስ ይቆይ?

ጋሽ ፌዝ፦
ደመና ከሌለ ይቆይ። መጋረጃ ብቻ እንዳይሸፍነው፣ አየር ያግኝ። ሶኬቱንም ሰሞኑን በእጅሽ ጀርባ ነካ እያደረግሽ እይው፤ ከሞቀ ያንኑ ሠራተኛ መልሰሽ ጥሪ።